ያረጁ የናፍታ ባቡሮችን ስለሚወዱ ሰዎች

ሰው ከመጽሐፍና ከሥዕል፥ ከጋሻና ከጐራዴ፥ ከፈረስና ከበቅሎ የወደደውን መርጦ ቢያኖር የሚያስደንቅ አይደለም። የፈረስ ወዳጅ ፈረሱን በስሙ ይጠራል፤ እርሱም ራሱ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ አባ ዳኘው፥ አባ ነፍሶ ማለትን ከአያቶቻችን የሰማነው ነው። ነገር ግን መቶ ቶን የሚመዝን፥ ዘይት የሚያንጠባጥብ፥ ጢሱ ልብስ የሚያጠቍር፥ ከሥራም ተሰናብቶ ይቈራረጥ ተብሎ የተፈረደበትን የናፍታ ባቡር እንደ ፈረስ በስሙ እየጠሩ የሚወዱ፥ ለእርሱም ሲሉ ደመወዛቸውንና የዕረፍት ቀናቸውን የሚሰጡ ሰዎች በዓለም ላይ መኖራቸውን ብዙዎቹ አንባቢዎቻችን የሰሙ አይመስለንም። እኛም ነገሩን በሰማን ጊዜ መጀመሪያ ሳቅን፤ ኋላ ግን እየመረመርን በሄድን መጠን ሳቃችን ቀረና ይህን ለመጻፍ ተነሣን። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ባቡር የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ እንፋሎት ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል። እንዲህ ከሆነ የናፍታውን ባቡር፥ ባቡር ማለታችን የሌለውን ነገር ለእርሱ መስጠት ነው፤ እንፋሎት የለውምና። ያገራችን ሰው ግን በዚህ አልተቸገረም፤ እህል የሚፈጨውንም ሞተር ባቡር ብሎታል። የናፍታ ሞተር ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1897 ሠርቶ ያሳየው ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ አየር በኃይል ተጨምቆ ሲግል ናፍታው ይረጭበትና ያለ ክብሪትና ያለ ብልጭታ በራሱ ይነዳል። በብዙዎቹ ትልልቅ የናፍታ ባቡሮች ሞተሩ መንኰራኵሩን ራሱ አያዞርም፤ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ያዞራል፤ ከማመንጫውም የሚወጣው ኤሌክትሪክ ከመንኰራኵሮቹ አጠገብ የተተከሉትን ሌሎች ሞተሮች ያዞራል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ባቡር የኤሌክትሪክ ኃይል ቤቱን በጀርባው አዝሎ የሚሮጥ ነው ማለት ነው።

የእንፋሎቱን ባቡር መውደድ ለማንም የማይቸግር ነው። እሳቱ ይታያል፤ ውኃው ሲፈላ ይሰማል፤ ብረቱ በውጭ ሲመላለስ ሕፃን እንኳ አይቶ ያስተውለዋል። የናፍታው ግን ሁሉን በሆዱ ሸሽጎ በውጭ የሚያሳየው የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ከ1955 ወዲህ የምድር ባቡሩን ለማደስ በወጣው ዐቅድ መሠረት የእንፋሎቱ ባቡሮች በሺህ እየተቈጠሩ ወደ መቈራረጫ ሲነዱ፥ የባቡር ወዳጆች የሚባሉት የናፍታውን ባቡር እንደ ወራሪ ቈጠሩት። በኦገስት 11 ቀን 1968 የመንግሥቱ ምድር ባቡር በዋናው መስመር የመጨረሻውን የእንፋሎት ጉዞ ባደረገ ጊዜ በየሐዲዱ ዳር የቆመው ሕዝብ እንደ ለቅሶኛ ነበረ። ነገር ግን በዚያው ዘመን በየጣቢያው ጫፍ እርሳስና ደብተር ይዘው የቆሙት ትንንሽ ልጆች አድገው የሚያስታውሱት የእንፋሎቱን ሳይሆን ያንን የተጠላውን የናፍታ ባቡር ነበረ። ፍቅር የሚያዘው በልጅነት ነውና፥ ልጅ ያየውን ይወዳል እንጂ አባቱ ያለቀሰለትን አይወድም።

እርሳስና ደብተር ያልነውን ነገር እናብራራ። በ1942 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ኢያን አላን የሚባል አንድ ወጣት በለንደን በዋተርሉ ጣቢያ፥ በደቡቡ የምድር ባቡር ኩባንያ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረ። ስለ ባቡሮቹ ቍጥርና ስም የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ከሕዝብ እየበዙ ቢያስቸግሩት፥ ሁሉንም በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ዘርዝሮ አሳተመና በአንድ ሽልንግ ሸጠ። መጽሐፊቱ ቶሎ አለቀች፤ ሌሎችም ተከተሏት፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የእንግሊዝ ልጆች ያዩትን ባቡር ቍጥር በዚያች መጽሐፍ ላይ እያሰመሩ አደጉ። ኢያን አላንም ታላቅ የመጻሕፍት አሳታሚ ሆነ። እኛም ዕድሜያችንን በመዝገብና በደብዳቤ መካከል ያሳለፍን ሰዎች ስለ ሆንን፥ አንድ የሥራ ባልደረባችን የደብዳቤን ብዛት እንዲህ ወዳለ በረከት መለወጡን ስንሰማ ጥቂት ቅናት እንዳደረብን አንሸሽግም።

ከናፍታዎቹ ባቡሮች ሁሉ ይልቅ የብዙዎችን ልብ የያዘው ዴልቲክ የተባለው ነው። የሞተሩ ታሪክ የሚጀምረው ከየብስ ሳይሆን ከባሕር ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለፈጣን የጦር ጀልባዎቹ ቀላልና ብርቱ የሆነ የናፍታ ሞተር ፈልጎ ለናፒየር ኩባንያ አዘዘ። የናፒየር መሐንዲሶችም ሲሊንደሮቹን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ደረደሩና በየማዕዘኑ አንድ አንድ የሚዞር ዘንግ አኖሩ፤ ቅርጹም የግሪኩን ዴልታ የሚባለውን ፊደል ገልብጠው ቢያዩት የሚመስል ስለ ሆነ ስሙ ዴልቲክ ተባለ። 18 ሲሊንደሮች ሲኖሩት ፒስቶኖቹ 36 ናቸው፤ በያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስቶኖች ፊት ለፊት እየተጋፉ ይሠራሉና። ከሦስቱ ዘንጎች አንዱ የሚዞረው ከሁለቱ በተቃራኒ ነው፤ መሐንዲሶቹ ነገሩ አልሠራ ብሏቸው ብዙ ከደከሙ በኋላ የመፍትሔው ቍልፍ ይህ ሆኖ ተገኘ። ይህን የምንጽፈው አንባቢን በቍጥር ለማድከም አይደለም፤ ነገሩ የድምፁ ምክንያት ስለ ሆነ ነው። ሌላው የናፍታ ባቡር ያጕረመርማል፤ ዴልቲክ ግን በዝግታ ሲሄድ እንደ ንብ ቀፎ ያማል፥ ሲበረታ እንደ ትልቅ ኦርጋን ይዘምራል። ወዳጆቹ ባቡሩ ሳይታያቸው ከሩቅ በድምፁ ብቻ ያውቁታል።

የመጀመሪያው ዴልቲክ በ1955 በእንግሊዝ ኤሌክትሪክ ኩባንያ በፕሬስተን ከተማ ተሠራ፤ ቀለሙም ውኃ ሰማያዊ ነበረ። በ1961ና በ1962 ደግሞ 22 ባቡሮች በቩልካን ፋብሪካ ተሠሩና በለንደንና በኤዲንብራ መካከል ባለው በምሥራቁ መስመር ላይ ተሰማሩ። እያንዳንዱ ሁለት ሞተር ስላለው ኃይሉ 3,300 የፈረስ ጕልበት ነበረ፤ በሰዓትም 160 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። እነዚህ 22ቱ የ55 የእንፋሎት ባቡሮችን ሥራ ተቀበሉ።

ስማቸውን በሚመለከት ነገር ላይ መኳንንት አንባቢዎቻችን ደስ የሚላቸው ይመስለናል። ከ22ቱ 8ቱ የተጠሩት በታላላቅ የውድድር ፈረሶች ስም ነው፤ የቀሩት 14ቱ በክፍለ ጦሮች ስም ነው። ለምሳሌ ቱልያር በ1952 የደርቢን ውድድር ያሸነፈው ፈረስ ስም ነው፤ አሊሲዶንም በ1949 በአስኮት ዋንጫ ያገኘው ፈረስ ነው። ሮያል ስኮትስ ግሬይ የተባለው ደግሞ በሐመር ፈረሶቹ የታወቀውን የስኮትላንድ ፈረሰኛ ጦር ያስታውሳል። ብረት በፈረስ ስም መጠራቱ ለእኛ እንግዳ ቢሆንም፥ የመልካም ፈረስ ስም ፈረሱ ከሞተ በኋላ ሳይጠፋ በሌላ ሯጭ ላይ መኖሩ ለእኛ አገር ሰው የማይገባ ነገር አይደለም።

የዴልቲክ ክብር የጐላው ፍላይንግ ስኮትስማን በተባለው በስሙ በታወቀው ባቡር ላይ ነው። ይህ ባቡር ከ1862 ጀምሮ በጥዋቱ በአራት ሰዓት ከለንደን ከኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ወደ ኤዲንብራ ይነሣ የነበረ ነው። መንገዱ 632 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ተሳፋሪው የዮርክን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አይቶ፥ የደርሃምን ካቴድራል በተራራ ላይ ቆሞ ከመስኮቱ ተመልክቶ፥ የታይንን ወንዝ በኒውካስል ተሻግሮ፥ በበርዊክ ባለው በረጅሙ የድንጋይ ድልድይ ላይ አልፎ፥ ከዚያ በቀኙ የሰሜንን ባሕር እያየ ስኮትላንድ ይገባል። በዚያን ጊዜም በምግብ ቤቱ ፉርጎ ነጭ ልብስ በለበሰ ገበታ ላይ ምሳ ይቀርብለት ነበር፤ ሾርባውም ባቡሩ በሚዞርበት ቦታ ሁሉ ወደ ሳሕኑ ጠርዝ ያዘነብል ነበር። በ1962 ዴልቲኮቹ ይህን ጉዞ በስድስት ሰዓት ፈጸሙት፤ ከ15 ዓመትም በኋላ መንገዱ ስለ ተሻሻለ ከአምስት ሰዓት ተኩል አሳንሰውታል።

የሩቅ መንገድ ባቡር ወዳጆች የሚሉት ይህን ነው፤ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ከአንዱ ቦታ ጠፍቶ በሌላው ይታያል፤ በባቡር የሚሄድ ግን መንገዱን ይኖረዋል። ከማያውቀው ሰው ጋራ ፊት ለፊት ተቀምጦ ምግብ ይካፈላል፤ የሰው ጓሮ፥ የሰው የታጠበ ልብስ፥ በማሳ መካከል የቆመ ገበሬ ያያል። ከዚህ ፍቅር የተነሣ በ1970ዎቹ አንዳንድ ወጣቶች የሚሄዱበት ጉዳይ ሳይኖራቸው ዴልቲክ የሚጐትተውን ባቡር ብቻ እየመረጡ ይሳፈሩ ነበር። የሚያድሩበት ቤት ስለሚያስከፍል በሌሊቱ ባቡር ተቀምጠው እያንቀላፉ ወደ ኤዲንብራ ይሄዳሉ፤ ሲነጋ በሌላው ይመለሳሉ። በደብተራቸውም በየባቡሩ ስም ሥር የተጓዙትን ርቀት እየደመሩ ይጽፋሉ። ሌሎች ድምፁን በቴፕ ይቀዱታል። ይህ ቀልድ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ በእኛ አገር አንድ ሰው ስለ አንዲት በቅሎ አረማመድ ከጥዋት እስከ ማታ ሲናገር ሰምቶ እንደ ሆነ ያስታውስ።

እንዲህ ሲሆን ፍጻሜው ደረሰ። በ1978 በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ኢንተርሲቲ 125 የተባለው አዲስ የናፍታ ባቡር በምሥራቁ መስመር ሥራ ጀመረ። ዴልቲኮቹ የተሻለውን መንገድ ለቀው ለዝግተኛው ባቡርና ለሌሊቱ ጉዞ ተሰጡ። ሞተራቸው ብርቱ ቢሆንም ጥገናው ብዙ ዋጋ የሚያስወጣ ነበር፤ ከ1980 ጀምሮ እያንዳንዳቸው ተራ በተራ ወደ ዶንካስተር ተወስደው ተቈራረጡ። በጃንዋሪ 2 ቀን 1982 የስንብት ጉዞ ተደረገ። ከለንደን እስከ ኤዲንብራ የጐተተው ቱልያር ነበረ፤ ወደ ለንደን የመለሰው ሮያል ስኮትስ ግሬይ ነበረ። ሲሄዱ በፈረስ፥ ሲመለሱ በፈረሰኛ ማለት ነው፤ አዝዘው ያደረጉት ይሁን ወይም ዕጣ ነገሩ ያስደስተናል። በዚያ በክረምት ብርድ በየድልድዩና በየጣቢያው የቆመው ሰው ብዙ ነበረ፤ በማታም ባቡሩ ኪንግስ ክሮስ ሲገባ የተሰበሰበው ሕዝብ ከመድረኩ ወደ ሐዲዱ እስኪፈስ ድረስ ተጨናነቀ። የሚጮኹ ነበሩ፤ የሚዘምሩ ነበሩ፤ ጐልማሶች ሆነው ሳለ በእጃቸው ብረቱን እየዳሰሱ የሚያለቅሱም ነበሩ።

ልብ ብለን ማየት የሚገባን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው፤ ማልቀስ ለሁሉም ይቻላልና። ፍጻሜው እንደሚመጣ አስቀድመው ያወቁ ወዳጆች በ1977 ማኅበር አቋቁመው ነበር። ከባለጠጎች የተሰበሰበ ማኅበር አልነበረም፤ ተማሪዎች፥ ሠራተኞች፥ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ያዋጡበት ነበር። በ1982 አሊሲዶንንና ሮያል ሃይላንድ ፉዚሊየር የተባለውን ሁለተኛ ባቡር ከመቈራረጥ ገዝተው አዳኑ፤ በ1986 ቱልያርን ጨመሩ። ሌሎችም ሮያል ስኮትስ ግሬይንና ጎርደን ሃይላንደርን አዳኑ፤ አንዱን ደግሞ የመንግሥቱ የምድር ባቡር ሙዚየም ወሰደው። ስለዚህ ከ22ቱ 6ቱ ዛሬ ይገኛሉ፤ ሰማያዊው የመጀመሪያውም ዴልቲክ በሙዚየም አለ።

ባቡርን መግዛት ግን ከሥራው ትንሹ ነው። ፈረስ ቢታመም ሐኪም ይጠራለታል፤ የናፒየር ሞተር ቢታመም ሐኪሙን ከየት ያመጡታል? የሠሩት ሰዎች እየሸመገሉ ሄደዋል፤ መለዋወጫውን የሚያወጣ ፋብሪካ የለም። ማኅበረተኞቹ ከየመጋዘኑ የተረፈ ብረት እየለቀሙ፥ ከባሕር ኃይል ጀልባ የወጣ ሞተር እየገዙ፥ የጠፋውን ቍራጭ እንደገና እያስቀረጹ ይሠራሉ። በ2003 በደርቢሻየር ባሮው ሂል በተባለው ስፍራ የራሳቸውን የጥገና ቤት ከፈቱ። በዚያ በቅዳሜ ቀን የሚገባ ሰው፥ በሳምንቱ ቀናት አስተማሪ ወይም የባንክ ሠራተኛ የሆነው ሰው ቱታ ለብሶ፥ ፊቱ በዘይት ጠቍሮ በሞተሩ ሥር ተንጋሎ ያገኘዋል። አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ አጠገቡ ቆሞ ቦሎኑን የቱን ያህል ማጥበቅ እንደሚገባ ለአንድ ጐረምሳ ያሳየዋል። ሽማግሌው ይህን ሳያስተምር ቢሞት ባቡሩ ቆሞ የሚቀር ሐውልት ይሆናል፤ ሁሉም ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህም ይቸኵላሉ።

ለቈየ ጊዜ የቆመ ዴልቲክ በብርድ ሲነሣ በጢስ መውጫው የተጠራቀመው ዘይት ይነድና ነጭና ሰማያዊ ጢስ ጣቢያውን ሁሉ ይሸፍነዋል። የማያውቅ ሰው ቃጠሎ መስሎት ይሸሻል፤ ወዳጆቹ ግን ወደ ጢሱ ይሮጣሉ። በኖቬምበር 30 ቀን 1996 ሮያል ስኮትስ ግሬይ ከ14 ዓመት በላይ ከዋናው መስመር ከራቀ በኋላ መንገደኞችን ጭኖ ከኤዲንብራ ወደ ለንደን መጣ። በ2011ም ይኸው ባቡር ተከራይቶ በሰሜን እንግሊዝ ለአሉሚኒየም ፋብሪካ ጭነት ጐተተ፤ በ50 ዓመቱ ከጡረታ ተጠርቶ ደመወዝተኛ ሆነ ማለት ነው።

ጽሑፋችን በቤተ ሰብ ገጽ የሚወጣ ስለ ሆነ የቤቱንም ነገር ሳናነሣ አናልፍም። የእንዲህ ያለ ሰው ሚስት ቅዳሜንና እሑድን ከአንድ ባቡር ጋራ ተካፍላ መኖሯ ቀላል ነገር አይደለም። የቤት ኪራይ ሳይከፈል ለሞተር ገንዘብ ያዋጣ ባል ቢገኝ ሚስቱ ብትቈጣ ማንም አይፈርድባትም። ሆኖም ብዙ ቤተ ሰቦች ነገሩን በሌላ መንገድ ፈትተውታል፤ ሚስቲቱ የማኅበሩን ሒሳብ ትይዛለች ወይም ራሷ መፍቻ ይዛ ትሠራለች፤ ልጆቹም ከአባታቸው ጋራ ብረት ሲያጥቡ ይውላሉ። አባትና ልጅ ቃል ሳይለዋወጡ አንድ ብረት አብረው ሲወለውሉ መዋላቸው፥ በብዙ ቤት የማይገኝ ጭውውት መሆኑን እኛ አባቶች እናውቀዋለን።

አደጋም አለበት። ድምፁን በደንብ ለመስማት በባቡሩ መስኮት ራስን ወደ ውጭ ማውጣት የወዳጆቹ የድሮ ልማድ ነው። በ2016 በለንደን ደቡብ በሚሄድ ባቡር ራሱን ያወጣ አንድ መንገደኛ በምልክት መስቀያ ብረት ተመትቶ ሞተ፤ በ2018 በባዝ ከተማ አጠገብ አንዲት መንገደኛ በዛፍ ቅርንጫፍ ተመትታ ሞተች። ከዚያ ወዲህ እንደነዚህ ያሉ መስኮቶች ላይ ጥብቅ ቍጥጥር ተደረገ። አንዳንድ ወዳጆች በዚህ ያጕረመርማሉ። እኛ ግን የሞቱት ሰዎች እናቶች ባሉበት ይህን ጕርምርምታ ደፍሮ የሚናገረው ሰው ያለ አይመስለንም።

አሁን አንባቢ የሚስቅበትን ነገር እንንገር። ዴልቲክን ያባረረው ኢንተርሲቲ 125 ራሱ አረጀ። በ2019 መጨረሻ ከለንደንና ከኤዲንብራ መስመር ተሰናበተ፤ በስንብቱም ጊዜ ሰው በየድልድዩ ተሰለፈ። የእርሱም ወዳጆች ማኅበር አላቸው፤ በ1972 የተሠራውን የመጀመሪያውን የሙከራ ባቡር ከሙዚየም ተቀብለው አድሰው በ2014 በሐዲድ ላይ አስኬዱት። በ1982 በዴልቲክ ስንብት ያለቀሱ አንዳንድ ሰዎች ገዳዩን እያዩ ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር፤ ልጆቻቸው ደግሞ ለገዳዩ አለቀሱለት።

በአሜሪካም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ርቀቱ ብቻ ይበልጣል። ካሊፎርኒያ ዜፊር የተባለው ባቡር ከ1949 እስከ 1970 ከቺካጎ ወደ ኦክላንድ በናፍታ ሞተር ሲሄድ፥ በጣራው ላይ ተሳፋሪው ተራራውን የሚያይበት የመስታወት ሰገነት ነበረው፤ ሰዓቱም የሮኪን ተራሮች በቀን ብርሃን እንዲያልፍ ተደርጎ የተቀመረ ነበረ። ከ1983 ጀምሮ በዚያው ስም ሌላ ባቡር ከ3,900 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ሁለት ሌሊት ያሳድራል። በካሊፎርኒያ ፖርቶላ በተባለው ከተማ ባለው የባቡር ሙዚየም ደግሞ ገንዘብ የከፈለ ሰው ከአስተማሪ ጋራ ተቀምጦ ያረጀውን የናፍታ ባቡር ራሱ ይነዳዋል። ይህ ዕድል በልጅነታችን ቢገኝ ኖሮ የጥምቀት ልብሳችንን ሸጠን እንኳ እንከፍል ነበር።

አንድ ቀን ማታ በቤታችን የዴልቲክን ድምፅ የተቀዳ ስናዳምጥ ባለቤታችን ከጓዳ ወጡና፥ «ይህማ የወፍጮ ቤት ነው» አሉን። ምነው ብንላቸው፥ በተወለዱበት ገጠር የወፍጮው ሞተር ከሩቅ ሲሰማ እናታቸው ዱቄቱን ተሸክመው የሚመለሱበት ሰዓት እንደ ደረሰ ያውቁ እንደ ነበር፥ ልጆቹም ሁሉ ድምፁ ሲቆም ወደ መንገዱ ይሮጡ እንደ ነበር ነገሩን። ከዚያም ወደ ጓዳ ሳይመለሱ እስኪያልቅ ድረስ ተቀምጠው አዳመጡ። እንግሊዞቹ ስለ ፍቅራቸው ብዙ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ይህን የመሰለ ማብራሪያ ግን ከየትኛውም አላገኘንም።

የእኛም አገር ነገር አለ። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በመጀመሪያ በእንፋሎት ይሠራ ነበር፤ በ1950ዎቹ የናፍታ ባቡሮች ገቡለት። ድሬ ዳዋ ከተማ የተቈረቈረችውና ያደገችው በዚሁ ሐዲድ ነው፤ በጥገና ቤቷም ብዙ ትውልድ የሠራ ሰው ፈረንሳይኛ እየተናገረ ሞተር ይፈታ ነበር። እኛ ልጅ ሳለን ከአባታችን ጋራ ከለገሃር ተሳፍረን ወርደናል። ሞጆን፥ ናዝሬትን፥ መተሐራን አልፈን አዋሽ ስንደርስ ሙቀቱ የፉርጎውን ብረት እንደ ምጣድ አግሎት ነበር፤ ሴቶች ፓፓያና የተቀቀለ እንቍላል በመስኮቱ ያቀብሉናል፤ ባቡሩም በዳገት ላይ ሲደክመው የሚያሰማውን ድምፅ አባታችን፥ «ስሙት፥ ያምጣል» እያሉ ያሳዩን ነበር። ያ መስመር እየደከመ ሄዶ በ2000ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ መድረሱ ቀረ። በ2016 በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ሐዲድ ተመረቀ፤ በ2018 መደበኛ ሥራውን ጀመረ። እርሱ በሌላ መንገድ፥ በሌላ ጣቢያ ያልፋል፤ አሮጌዎቹ ባቡሮችም በድሬ ዳዋ ቆመው ቀሩ።

ጎረቤታችን ኤርትራ የፈረሰውን የምጽዋንና የአሥመራን ሐዲድ ከ1994 ጀምራ ስትጠግን፥ በጡረታ የነበሩትን ሽማግሌዎች የባቡር ሠራተኞች ጠርታ ሥራቸውን እንዲያስተምሩ አድርጋለች፤ ከአውሮፓ የሚመጡ የባቡር ወዳጆችም ያንን ሐዲድ ለማየት ይጓዙ ነበር። ወደ ድሬ ዳዋም የሚመጡ ነበሩ፤ የጥገና ቤቱን፥ የቆሙትን ሞተሮች፥ የድሮዎቹን ፉርጎዎች ፎቶግራፍ ያነሣሉ። የውጭ አገር ሰው ከሩቅ መጥቶ የሚደነቅበትን ብረት፥ ያገሩ ሰው ዋጋው በኪሎ ስንት ነው ብሎ ቢጠይቅ እኛ አናወግዘውም፤ የተራበ ሰው ብረት አይበላምና። ነገር ግን ሞተሩን ፈትተው የገጠሙት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ማንም መጥቶ እንዴት እንደ ሆነ ያልጠየቃቸው መሆኑ ያሳዝነናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ድሬ ዳዋ በሥራ ሄደን ሳለን ወንድ ልጃችንን ይዘን ወደ ጥገና ቤቱ ገባን። አንድ ሽበታቸው የነጣ የቀድሞ የባቡር ነጂ ተቀበሉን። በቆመው የናፍታ ባቡር አጠገብ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁና በመዳፋቸው የሞተሩን በር ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት፤ ሰው የራሱን ከብት ጀርባ እንደሚመታ። ልጃችን ስንት ዓመት ነዱት ብሎ ቢጠይቃቸው፥ «እርሱ እኔን ነዳኝ ልጄ፤ ሚስቴን ያገባሁት በእርሱ ሄጄ ነው፤ ልጆቼን ያሳደገው እርሱ ነው» አሉት። ከዚያ የትኛው ዳገት ላይ መቼ ፍሬን መያዝ እንደሚገባ፥ በበረሃው ጐርፍ ሐዲዱን ሲወስደው ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ ነገሩት። ልጃችን እንደ እንግሊዞቹ ልጆች ደብተር አውጥቶ ቍጥሩን ሊጽፍ ፈለገ፤ ነገር ግን ዝገቱ በልቶት የማይነበብ ሆኖ ነበር። ሽማግሌው ሳያዩ በቃላቸው ነገሩት፤ እርሱም ጻፈው።